ቀላል ምስጠራ፣ ከባድ ቆጣሪ

ትንንሽ ገመድ አልባ መሣሪያዎችን የምንሠራ ሰዎች መጀመሪያ የምንጠየቀው «በምን ስልት ነው የምትመሰጥሩት?» ተብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳን ግን እሱ አይደለም። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ኒስት ለእንዲህ ያሉ ትንንሽ መሣሪያዎች የሚሆኑ 57 ስልቶች ቀርበውለት እ.ኤ.አ. በ2023 አስኮንን መርጧል፣ በ2025 ደግሞ ደረጃ አድርጎ አውጥቶታል። ነባሩ ኤኢኤስም ቢሆን ዛሬ በብዙ የሬድዮ ቺፖች ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል። ስለ ስልቱ መጨነቅ ከተውኩ ቆየሁ።

የሚያስጨንቀኝ የመልእክት ቆጣሪው ነው።

ፎቅ ላይ ያለ የውሃ ሮቶ እንውሰድ። በባትሪ የሚሠራ ሴንሰር የውሃውን መጠን በየደቂቃው ምድር ቤት ላለው የፓምፕ መቆጣጠሪያ ይልካል። መልእክቱ ስለተመሰጠረ ሌላ ሰው አያነበውም። ተንኮለኛው ግን ማንበብ መቼ አስፈለገው? ሮቶው ሞልቶ ሳለ የተላከውን ከአየር ላይ ቀድቶ፣ ውሃው ሲያልቅ መልሶ ቢለቀው ፓምፑ አይነሳም፤ ሕንፃው ያለ ውሃ ያድራል። እያንዳንዱ መልእክት ተራ ቁጥር የሚይዘው ለዚህ ነው። ተቀባዩ መጨረሻ ካየው ቁጥር የማይበልጠውን ሁሉ ይጥላል።

ቁጥሩ ሌላም ሥራ አለው። ዚግቢን በመሰሉ ኔትወርኮች ከመሣሪያው አድራሻ ጋር ሆኖ ወደ ምስጠራው ይገባል። በአንድ ቁልፍ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከተሠራበት፣ ሁለቱን የተመሰጠሩ መልእክቶች ያነጻጸረ ሰው የአንዱን ይዘት ከገመተ የሌላውንም አገኘ ማለት ነው። የሮቶ መልእክት ደግሞ ለመገመት አያስቸግርም። አስኮንም ከዚህ አያድንም።

ታዲያ ባትሪ ሲቀየርስ? ቁጥሩ ራም ላይ ብቻ ከነበረ ከዜሮ ይጀምራል። ተቀባዩ መልእክቱን «አሮጌ ነው» ብሎ ይጥላል፣ ደንበኛው ይደውላል፣ የተላከው ቴክኒሻን የቆጣሪውን ማጣሪያ ያጠፋና ሥራው ያልቃል። አንዳንድ የሎራዋን ገመድ አልባ ኔትወርክ ሰርቨሮች ይህን የሚፈቅድ ምርጫ አላቸው፤ ለሙከራ ታስቦ የተቀመጠ ነው፣ እኛ ዘንድ ግን ቋሚ መድኃኒት ሆኖ ይቀራል።

«ቁጥሩን ፍላሽ ላይ ጻፈው» ማለት ቀላል ነው። 10,000 ጊዜ መጻፍ የሚችል ፍላሽ ላይ በየደቂቃው ብትጽፉ ያ ቦታ በሳምንት ውስጥ ዕድሜውን ይጨርሳል። የምንሠራው እንዲህ ነው፦ ከ1,000 ቁጥሮች በኋላ ያለውን ጣሪያ አስቀድመን ፍላሽ ላይ እንመዘግባለን፣ እዚያ እስክንደርስ ራም ላይ እንቆጥራለን። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የምንነሳው ከተመዘገበው ጣሪያ ነው። ያው ፍላሽ እንዲህ ሲያዝ 19 ዓመት ያገለግላል። ባትሪ በተቀየረ ቁጥር እስከ 1,000 ቁጥሮች ይባክናሉ፤ ይባክኑ! ባለ 4 ባይቱ ቆጣሪ ከ4 ቢሊዮን በላይ ይቆጥራል።

ባይት መቆጠብ ካለብኝ መልእክቱ እንዳልተነካካ ከሚያሳየው የማረጋገጫ ማኅተም ላይ እቆጥባለሁ። ጠቅላላው ፓኬት 127 ባይት በሆነበት ኔትወርክ 16 ባይት ለማኅተም መስጠት ያንገበግባል። ለውሃ መጠን 4 ባይት ይበቃል፣ ቫልቭ ለሚከፍት ትእዛዝ ግን ከ8 አልወርድም።

ከቁልፍ ላይ ግን ምንም አይቆጠብም። እ.ኤ.አ. በ2016 የምስጠራ ሊቁ አዲ ሻሚር ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን የፊሊፕስ ሁዩ አምፖል ኃይል አጠቃቀምን ለክቶ፣ የፈርምዌር ማሻሻያው የሚጠበቅበትን ቁልፍ አወጣ። ኤኢኤስ በስሌት አልተሰበረም። ጉዳቱን ያከፋው በዚያ ዓይነት አምፖሎች ሁሉ ውስጥ ያለው ቁልፍ አንድ መሆኑ ነው።

ሴንሰር የምትረከቡ ሰዎች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። የሁለት መሣሪያዎች ቁልፍ የተለያየ መሆኑን ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ የአንዱን ባትሪ አውጥታችሁ መልሱ፤ ቆጣሪው ካቆመበት በላይ ካልጀመረ ዕቃውን አትረከቡ።