«ፎርማት ይደረግ» የማይል ጠጋኝ

የተበላሸ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ሲሰካ ኮምፒውተሩ የሚያቀርበው አንድ ጥያቄ ነው፤ ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት ፎርማት መደረግ አለበት፣ ይደረግ? ደብረ ኤልያስም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ሚሞሪ የሚጫንበትና ስልክ የሚጠገንበት ቤት ይህን መልእክት በደንብ ያውቀዋል። መዝሙር እየተገለበጠ ሳለ መብራት ድርግም ይላል፤ ወይ ሰው ይቸኩልና ካርዱን ይመነጭቀዋል። ችኩል ሠራተኛ «ይደረግ» ብሎ ባዶ ካርድ ይመልሳል፤ ካርዱ ይሠራል፣ የሰርጉ ፎቶ ግን የለም። እኔ የማደንቀው «አይ፣ ይቆይ» የሚለውን ነው።

ለምን እንደሚያቆየው ለማወቅ ካርዱ ውስጥ ያለውን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ፋት32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ሥርዓት ፋይል ክላስተር በሚባሉ ክፍሎች ተቆራርጦ ይቀመጣል። የፋይሉ ስምና የመጀመሪያው ክላስተር ቁጥር በማውጫው ላይ ይሰፍራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ ፋት የሚባለው ሠንጠረዥ ነው። መብራት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚዛባው ሠንጠረዡ ወይም ማውጫው ነው፤ ቀድሞ የተቀመጠው ፎቶ ካለበት አልተነቃነቀም። በ1996 እ.ኤ.አ. ከተሻሻለው የዊንዶውስ 95 እትም ጋር የወጣው ይህ ሥርዓት ለክፉ ቀን መጠባበቂያ አለው፤ ሠንጠረዡ ሁለት ሆኖ ይጻፋል፣ የካርዱን አከፋፈል የሚናገረው የመነሻ ሴክተር ቅጂም አብዛኛውን ጊዜ ሴክተር 6 ላይ ይቀመጣል።

ጥሩ ጠጋኝ ካርዱ ላይ አንዲት ፊደል አይጽፍም። መጀመሪያ ሙሉውን፣ ባዶ የሚመስለውን ቦታ ሳይቀር፣ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል፤ የሚሠራውም በቅጂው ላይ ነው። ከዚያ ቴስትዲስክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የመነሻውን ሴክተር ከመጠባበቂያው ጋር ያስተያያል፣ ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን ያያል። የሞተው የመነሻው ሴክተር ብቻ ከሆነ የሚተካው 512 ባይት ነው፤ በዚያች ቁራጭ ፎልደሩ ሁሉ እንደነበረ ብቅ ይላል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በተማሩባት በደብረ ኤልያስ የቅኔ መምህር የተማሪውን ቅኔ ሲያርም የተሰበረውን ቤት ያቃናል እንጂ ሐሳቡን አይጥልበትም፤ የዚህም ሥራ ወግ ያው ነው።

ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ መሣሪያ ማንን እንደሚያገለግል መለየትም ሙያ ነው። መሣሪያው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን የሚያገለግለው ፋይል ሲስተሙን እንጂ የፋይሉን ባለቤት አይደለም። ስም ያጣ የክላስተር ሰንሰለት ሲያገኝ «ፋውንድ.000» በሚባል ፎልደር ውስጥ «ፋይል0000» እያለ ቁጥር ሰጥቶ ያጉረዋል። ችኩሉ ቆሻሻ መስሎት ይሰርዘዋል። ባለሙያው ግን አንድ በአንድ ከፍቶ የመጀመሪያዎቹን ባይቶች ያነባል፤ «ኤፍኤፍ ዲ8» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ጄፔግ ፎቶ ነውና ትክክለኛውን የፋይል ቅጥያ ይሰጠዋል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ደንበኛም አያየውም።

ልኩን ማወቁም ያስደንቃል። ቪዲዮ ሲቀረጽ ብዙ ካሜራዎች የቪዲዮውን የራሱን ማውጫ የሚጽፉት ቀረጻው ሲቆም ነው፤ መሀል ላይ ባትሪ ካለቀ ምስሉ ካርዱ ላይ እያለም አይከፈትም፣ ለእሱ ሌላ ጥገና ያስፈልጋል። 64 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ፣ ውስጡ ግን 8 የሆነ አስመሳይ ፍላሽም አለ፤ ከልኩ ያለፈው ነገር መጀመሪያውኑ አልተቀመጠም። ይህን መርምሮ ገንዘብ ሳይቀበል «አይሆንም» የሚል ሰው ከሚያድነው እኩል ባለሙያ ነው።

ስለዚህ ያ የፎርማት ጥያቄ ሲመጣባችሁ «አይ» በሉ፤ ፎቶ አትጨምሩበት፣ ዘፈን አትጫኑበት፣ ንቀሉና ውሰዱት። ጠጋኙንም ከዋጋው በፊት «መጀመሪያ ቅጂ ታነሳለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።