የምላጭ ዋጋ

አሜሪካ ውስጥ ጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ የሚመጣ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ምላጩን ስንት ፓውንድ ታደርስልኛለህ?» ብሎ ነው፤ ፓውንዱ ምላጩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ መልሱን ለጊዜው ትቶ ሌላ ይጠይቃል። በጠመንጃው አጋዘን ሊያድኑበት ነው? ዒላማ ሊወዳደሩበት? ወይስ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት? ይህ ሳይታወቅ ስለ ዋጋ ማውራት ለሻጩ እንጂ ለገዢው አይጠቅምም።

የምላጭ አሠራር ለማስረዳት ቀላል ነው፤ በትክክል መሥራቱ ነው የሚከብደው። በሞላ የተወጠረውን መርፌ ወደ ኋላ አግዶ የያዘ ጥርስ አለ፤ ባለሙያዎቹ ሲር ይሉታል። ጣት ምላጩን ሲስብ ሲሩን ደግፎ የያዘው ብረት ከሥሩ ይንሸራተታል፤ ሲሩ ይወርዳል፤ መርፌው ወደ ፊት ተፈናጥሮ ጥይቱን ይመታል። ሁለቱ ብረቶች የሚነካኩበት ቦታ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ያ ቦታ ሲጠብ ምላጩ ሳይንፏቀቅ ጥርት ብሎ ይለቃል። ከልክ በላይ ሲጠብ ግን ጠመንጃው ሰደፉ መሬት ሲመታ ብቻውን ሊተኩስ ይችላል። ደንበኛው «ቀላል አድርግልኝ» ሲል የሚጠይቀው፣ ባያውቀውም፣ በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ የሚደረግ ድርድር ነው።

ለምን ሥራ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጠመንጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው የሚወዳደሩ ተኳሾች 2 አውንስ፣ ማለትም 57 ግራም ያህል ብቻ የሚጠይቅ ምላጭ ይጠቀማሉ። በበረዶ ሸርተቴ እየሮጡ የሚተኩሱት የባያትሎን ስፖርተኞች በደንቡ ከ500 ግራም በታች እንዲወርዱ አይፈቀድላቸውም፤ ልባቸው እየደለቀ፣ ጣታቸው በብርድ ደንዝዞ ነውና የሚተኩሱት። በአሜሪካ የሰርቪስ ራይፍል ውድድር ዝቅተኛው 4.5 ፓውንድ፣ ወደ 2 ኪሎ ግራም ነው። ጓንት አጥልቆ ጫካ የሚገባ አዳኝ ከ2.5 ፓውንድ በታች ምን እንደሚሠራለት ለማስረዳት ይከብዳል።

በምላጭ ገበያ ውስጥ የጠመንጃ ሠሪውን የሬሚንግተንን ስም ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የኩባንያው መሐንዲስ ማይክ ዎከር የነደፈው ምላጭ እ.ኤ.አ. በ1948 በሞዴል 721 ወጣ፤ በ1962 የመጣው ሞዴል 700ም ወረሰው። በምላጩና በሲሩ መካከል ኮኔክተር የሚባል፣ ከምላጩ ጋር ያልተጣበቀ ትንሽ ብረት ነበረበት። ለጣት ጥርት ያለ ስሜት ስለሚሰጥ ተኳሾች ወደዱት። ተቺዎች ግን ኮኔክተሩ በእያንዳንዱ ተኩስ ከምላጩ ስለሚለይ ቆሻሻ በመካከሉ ገብቶ ወደ ቦታው እንዳይመለስ ያደርገዋል፣ ጠመንጃው እንዳይተኩስ የሚቆልፈው መጠበቂያ ሲለቀቅም ማንም ምላጩን ሳይነካው ሊተኩስ ይችላል አሉ። ዎከር ራሱ ገና በጠዋቱ፣ መጠበቂያው ምላጩንም ጭምር እንዲቆልፍ የሚያደርግ ማሻሻያ አቅርቦ ነበር። የቴሌቪዥን ጣቢያው ሲኤንቢሲ በ2010 ባሰራጨው ዘገባ መሠረት የማሻሻያው ወጪ ለአንድ ጠመንጃ 5 ሳንቲም ተኩል ነበር። ኩባንያው አልተቀበለውም። ንድፉ አስተማማኝ ነው እያለ ለዓመታት ከተከራከረ በኋላ፣ ወደ 7.5 ሚሊዮን ጠመንጃዎችን የሚመለከተውን የጋራ ክስ ጥፋት ሳያምን በስምምነት ቋጨ። ተተኪው ኤክስ ማርክ ፕሮም ቢሆን በ2014 ለእርማት ተጠርቷል፤ ሲገጣጠም ማጣበቂያ በዝቶበት ነበር።

እንግዲህ በመቶ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጡ የመለዋወጫ ምላጮች ገዢ ያገኙት ለጣት ምቾት ሲባል ብቻ አይደለም።

ሌሎቹ ፋብሪካዎች ደግሞ ክስ ፈርተው ምላጫቸውን እንደ ዛገ በር አከበዱት። ሳቬጅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ አኩትሪገርን ይዞ ሲመጣ ነገሩ ተቀየረ። በምላጩ መሐል ቀጭን ምላስ አለች፤ እሷ በጣት ካልተጫነች ሲሩ ቢንሸራተት እንኳ መርፌው አያልፍም። በዚህ ምክንያት ፋብሪካው ራሱ ገዢው እስከ 1.5 ፓውንድ ዝቅ እንዲያደርገው ፈቀደ። ሌሎችም ተከተሉ፤ የሩገር አሜሪካን ርካሽ ጠመንጃ ሆኖ ሳለ ከ3 እስከ 5 ፓውንድ የሚስተካከል ምላጭ ይዞ ይወጣል። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ይዞ 200 ዶላር በምላጭ ላይ ለማውጣት የመጣን ሰው ሐቀኛ ባለሙያ መጀመሪያ ጥይት ገዝቶ እንዲለማመድ ይመክረዋል። በዚያ ገንዘብ ወደ 100 የሚጠጋ የውድድር ጥይት ይገኛል።

መግዛት ካለበትስ? ለሞዴል 700 ዓይነት ጠመንጃ የሚሆኑት የቲምኒ፣ የትሪገርቴክና የጁዌል ምላጮች በአብዛኛው ከ150 እስከ 300 ዶላር ባለው መካከል ይሸጣሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ክብደቱ አይደለም፤ ቀላል ምላጭ መሥራት ማንም ይችላል። ገንዘቡ የሚሄደው ሲሩን ከጠንካራ ብረት ቆርጦ፣ አጠንክሮ፣ አለስልሶ ሺኛውም ስበት እንደ መጀመሪያው እንዲሆን በማድረጉ ላይ ነው። የካናዳው ትሪገርቴክ በሲሩና በምላጩ መካከል ነጻ የምትሽከረከር ሮለር ያስገባል፤ ብረት በብረት ላይ መፋተጉ ቀርቶ መንከባለል ይሆናል። በሞዴል 700 ሳይሆን በኤአር 15 ጠመንጃ ዘንድ ስሙ የገነነው ጋይስሊ ባለ ሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ቀለል ያለ ጉዞ፣ ከዚያ ግድግዳ የሚመስል ቁም፣ ከዚያ መልቀቅ። ሻጩ «3 ፓውንድ ነው» ሲል ባለሙያው መለኪያውን አውጥቶ አሥር ጊዜ ይስባል። አማካዩን አይቶ አያበቃም፤ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለውን ልዩነት ይመለከታል። አንዴ 2.5፣ አንዴ 3.5 የሚያሳይ ምላጭ 300 ዶላር ቢጠየቅበትም ርካሽ ነው።

የመግጠሚያው ዋጋም በቸልታ የሚታይ አይደለም። ምላጩን መቀየር ራሱ ለብዙ ጠመንጃ ሁለት ፒን ማውጣትና መመለስ ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ከዚያ በኋላ ላለው ነው፤ ባዶውን ጠመንጃ ወጥሮ ሰደፉን በጎማ መዶሻ መምታት፣ ቦልቱን በኃይል መዝጋት፣ መጠበቂያውን ቆልፎ ምላጩን ስቦ፣ ከዚያ መጠበቂያውን መልቀቅ። መርፌው አንዴ እንኳ ከወረደ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

አንድ ዓይነት ጠመንጃ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በርካታ ያረጁ ጠመንጃዎች ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል፤ ከነሱ መካከል የይሁዳ አንበሳ ማኅተም ያለባቸው ማውዘሮች አሉ። የማውዘር የጦር ሜዳ ምላጭ መጀመሪያ ረጅም ልል ጉዞ አለው፤ አዲስ ገዢ «ተበላሽቷል» ብሎ ያማርራል። አልተበላሸም። ያ ጉዞ ሲሩ መርፌውን በሰፊው እንዲይዝ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ወታደሩ እየሮጠ ቢወድቅ እንዳይተኩስበት። ለማውዘር የሚሆን መለዋወጫ ሞልቷል፤ ቲምኒ ራሱ በ1946 የተጀመረው ከጦርነቱ የተረፉ ጠመንጃዎችን ለአደን ለሚለውጡ ሰዎች ምላጭ በመሥራት ነው። አንዳንዱ መለዋወጫ ግን የራሱን የጎን መጠበቂያ ስለሚይዝ እንጨቱን መፈልፈል ይጠይቃል፤ የተፈለፈለ እንጨት ደግሞ የሰብሳቢውን ዋጋ ይዞ ይሄዳል። አንበሳ ያለበትን ማውዘር መንካት አላዋቂነት ነው። ለመቀየር የቆረጠ ሰው ቢያንስ እንጨት የማያስቆርጠውን ዓይነት ይምረጥ፤ የድሮውን ምላጭ ከነፒኑና ከነሞላው ጠቅልሎ ያስቀምጥ፤ ጠመንጃውን ሊሸጥ ሲያወጣ ገዢው ቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው።