ቪኤይት በጁባ፦ ያገለገለ ክብር ስንት ያስከፍላል?

ጁባ ውስጥ ባለቤቱ ከመውረዱ በፊት ማዕረጉን የሚያስታውቅለት መኪና ላንድክሩዘር 200 ነው፤ ሰዉ የሚያውቀው «ቪኤይት» በሚለው ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የደቡብ ሱዳን መንግሥት ለ400 የፓርላማ አባላት ለመኪና መግዣ በነፍስ ወከፍ 40,000 ዶላር፣ በድምሩ 16 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ ሕዝቡ ከጦርነትና ከረሃብ ጋር እየታገለ ነበር። መኪና በዚያች ከተማ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማወቅ ይህ ብቻ ይበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይህ ክብር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ባለቤት እጅ ሲገባ የሚሆነው ነው። በሆቴልና በንግድ ጁባ የከረሙ ወገኖቻችንም ያገለገለ ናፍጣ ቪኤይት ሲመኙ ይሰማልና፣ የቶዮታን ሥራ በስሙ ሳይሆን በሞተሩ መመርመር ይገባል።

ቶዮታ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ይህ ባለ 4.5 ሊትር ናፍጣ ሞተር ስምንት ሲሊንደር አለው። በላንድክሩዘር 200 ላይ ሁለት ቱርቦ ተገጥሞለት ጉልበቱ 650 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ከሁለት ቶን ተኩል በላይ የሚመዝነውን መኪና ከጁባ እስከ ኒሙሌ ባለው 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ ሳይጨነቅ ይዞት ይበራል። ሻንሲውም ካምቢዮውም ጠንካራ ነው። ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ጣጣው የሚመጣው ከናፍጣው ነው። ሞተሩ ናፍጣውን ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ ዓይን በማይለያቸው የኢንጀክተር ቀዳዳዎች ነው የሚረጨው። ደቡብ ሱዳን ድፍድፍ ነዳጅ ለዓለም ብትሸጥም መኪኖቿ የሚጠጡት በአብዛኛው በኬንያና በኡጋንዳ በኩል በቦቴ የሚገባውን ነው። እጥረት በመጣ ቁጥር ነዳጅ በጀሪካንና በውኃ ጠርሙስ መንገድ ዳር ይቸበቸባል። ውኃና አሸዋ የቀላቀለ ናፍጣ ኢንጀክተሩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ጠዋት ሲያስነሱት መንቀጥቀጥ፣ ነጭ ጭስ መትፋት ይጀምራል። ሾፌሩ «ብርድ ነው» ብሎ ካለፈው ከተበላው ኢንጀክተር የሚንጠባጠበው ናፍጣ ፒስተኑን እስከማቃጠል ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ኢንጀክተር መሆኑ ቀርቶ ስለ ሙሉ ሞተር ይሆናል። ኢንጀክተሮቹ ደግሞ ስምንት ናቸው። አንዱን ቀይሮ ሰባቱን ማቆየት ለጊዜው ኪስን ያድን ይሆናል፤ በአንድ ናፍጣ፣ በአንድ ዕድሜ ያረጁ ናቸውና ሌሎቹም ተራቸውን ይጠብቃሉ። አዲሱ ሲገባም የራሱ መለያ ቁጥር በመኪናው ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ አለበት፤ ይህን መሣሪያ የያዘ ጋራዥ በየሰፈሩ አይገኝም።

አቧራውም ሌላ ጠላት ነው። በበጋ የጁባ አየር ራሱ ቀይ ዱቄት ይመስላል። የአየር ፊልትሮው ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ ወይም ቤቱ ላይ በደንብ ካልገጠመ፣ አቧራው ቱርቦውንና ሲሊንደሩን ፈግፍጎ ሞተሩ ዘይት መጠጣት ይጀምራል። በሠሪው ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ግን ሞተሪኖው ነው። በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል፣ ከአየር ማስገቢያው ሥር ቀብረውታል። በሌላ መኪና በአጭር ሰዓት የሚፈታ ዕቃ እዚህ የሞተሩን ግማሽ ገላ ማራገፍ ይጠይቃል። ለተሟላ ጋራዥ ይህ የሰዓት ጉዳይ ነው። መለዋወጫ ከካምፓላ ወይም ከዱባይ በዶላር ለሚያስመጣ፣ ገቢው ግን በየጊዜው ዋጋ በሚያጣ የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ለሆነ ሰው የወራት ትርፉ ነው።

ቶዮታ ይህን አያውቅም እንዳይባል፣ በእርዳታ ድርጅቶች ግቢ በብዛት የሚታየውን ባለ 4.2 ሊትሩን ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ለአፍሪካ መሸጡን አላቆመም። ቱርቦ የለውም፤ ኮምፒውተር የማይመራው ተራ የናፍጣ ፓምፕ ነው ያለው፤ ስድስቱም ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። ዳገት ላይ ያዘግማል፣ ይጮሃል፣ መቀመጫውም ወገብ ይቆርጣል። ነገር ግን ለክፉ ናፍጣ ይበልጥ ታጋሽ ነው፤ ሲበላሽም ልምድ ያለው መካኒክ በመፍቻና በጆሮው ያገኘዋል። ለጁባ የተሠራው ይሄኛው ነው። ቪኤይት የተሠራው ንጹሕ ናፍጣና በቀጠሮ የሚሠራ ጋራዥ ላለው ሰው ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ጥገናውን የሚከፍልለት መንግሥት ወይም ድርጅት ስለነበረ ጉድለቱ አልተሰማውም፤ ለገዢው የሚተላለፈው ግን ገና ያልተከፈለው ጥገና ነው።

ስለዚህ ለመግዛት የቆረጣችሁ፣ መኪናውን ሌሊቱን ሙሉ አቁማችሁ ጠዋት በቀዝቃዛው ራሳችሁ አስነሱት፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ተመለሱ። ከስምንቱ ኢንጀክተሮች ወደ ታንክ የሚመለሰውን ናፍጣ አስለኩ። የፊልትሮውን ቤት ከፍታችሁ ከፊልትሮው ወዲያ ያለውን ቱቦ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጨርቁ ቀይ ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ አትግዙት። ከመግዣው ሌላ ለስምንት ኢንጀክተር የሚበቃ ዶላር ካልተረፋችሁ ደግሞ ሃርድቶፑን ግዙ።