ሚዛን የማያውቀው ጥጋብ

ለልምምድ ወደ ቤተ ሙከራችን የመጣ አንድ ወጣት፣ በቀይ መብራት ሥር ተቀምጬ አይጦች ሲመገቡ ስመለከት ባየኝ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ የተረፈውን መመዘን እየተቻለ ይህን ያህል መቀመጡ ምን ይረባል?» አለኝ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ ሳይሆን፣ ሁሉን ለመሣሪያ የተወው የዘመናችን ጥያቄ ነው።

ሚዛን አይጡ ስንት ግራም እንደ በላ እንጂ ስለ ምን እንደ ተወ አይናገርም። ሁለት-ሲ የሚባለውን የአንጎል የሴሮቶኒን ተቀባይ የሚያነቃቃው ኤምሲፒፒ የተሰጠው አይጥ ምግቡም እንቅስቃሴውም ይቀንሳል፤ ታዲያ የተወው ጠግቦ ነው ወይስ እስከ ምግቡ መሄድ ታክቶት? በጨረር እንቅስቃሴን የሚቆጥረው መሣሪያም ቢሆን፣ ጠግቦ የተኛውንና ነቅቶ የፈዘዘውን ባንድነት ዜሮ ብሎ ይጽፋቸዋል።

ጥጋብ ግን እንደ ቅዳሴ የራሱ ተራ አለው፤ የጠገበ አይጥ አስቀድሞ የፊት እግሮቹን እየላሰ ጢሙንና ጆሮውን ያብሳል፣ ወደ ጎኑ ዞሮ ጠጕሩን ያጸዳል፣ ጥቂት ይዘዋወራል፣ በመጨረሻም ተጠቅልሎ ይተኛል። ተመራማሪዎቹ ጊብስና ስሚዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1975 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ምግቡ በኪኒን የመረረበት አይጥ መብላቱን ይተዋል፣ ነገር ግን አያርፍም። ይህን ልዩነት ከሚዛን ላይ ማን ሊያነበው ይችላል?

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አንድ-ኤ የሚባለው ሌላው የሴሮቶኒን ተቀባይ ነገር ነው። ይህን ተቀባይ የሚያነቃቃው ኤይት-ኦኤች-ዲፓት በትንሹ ሲሰጥ፣ ሴሮቶኒን አመንጪዎቹ ሕዋሳት ራሳቸው በተሸከሙት ተቀባይ በኩል ጸጥ ያሰኛቸዋልና፣ የጠገበው አይጥ ተመልሶ ይበላል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ሆዱን ከወለሉ አጣብቆ በፊት እግሮቹ ባዶውን መሬት ይረግጣል። እንዲህ ያለውን አይጥ፣ ጥቂት ስለ በላ ብቻ፣ ምግብ ሰለቸው ብሎ መጻፍ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ለምርመራ ሲደርሰኝም እስከ ዛሬ አላሳለፍሁም፣ ወደፊትም አላሳልፍም።

በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ጠባዩ መለወጡ አይቀርም። እኔም በግብዣ ላይ የተረፈውን እንጀራ ትቼ የእንግዳውን እጅ ስከተል እገኛለሁ፤ አንዱ ጠግቦ ወደ ኋላ ደገፍ ሲል፣ ሌላው ኀዘን ይዞት ጉርሻውን በጣቱ ሲያገላብጥ አያለሁ። ባለቤቴ ይህን ነገሬን አትወደውም፤ «እባክህ፣ ሰው ፊት እንኳ ተው!» እያለች በክርኗ ትጐስመኛለች።