ፊትና እጅ፤ በካርቲየ ሰባት ስለ ተሰቀሉት የአዛውንት ፎቶግራፎች

ባለፈው እትም ስለ አጭር ልብ ወለድ የጀመርነውን ሐተታ ለሚቀጥለው አሳድረን ዛሬ ስለ ፎቶግራፍ እንጽፋለን። በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ ሰባት፣ አንድ ወገናችን በሚሠራበት ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ አሥራ አንድ የአዛውንት ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል። ከአዛውንቱም አንዲቷ እናት የዚሁ የካምፓችን ነዋሪ ናቸው። ለጉዳይ ወደ ከተማ ከወረዳችሁት አንዳንዶቻችሁ አድንቃችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ተቆጥታችሁ ስለ ተመለሳችሁ ነገሩ መነጋገሪያ ከሆነ ሰነበተ። እኛም ሁለት ጊዜ ሄደን፣ ሻይ አዝዘን፣ ቆመንም ተቀምጠንም አየናቸው። አንሺውንም አነጋገርነው። ወጣት ነው፤ ጎበዝ ነው፤ ስሙን እንዳንጠቅስ ስለ ለመነን «አንሺው» እያልን እንቀጥላለን።

በመጀመሪያ ምስጋናውን እንስጠው። የጅቡቲ ፀሐይ ለፎቶግራፍ አንሺ ጠላት ናት። ገና ረፋዱ ላይ አናት ላይ ወጥታ የሰውን ዐይን ጉድጓድ ታስመስለዋለች፤ ከአፍንጫ በታች ጥቁር ጥላ ትጥላለች፤ ከቆርቆሮው የሚመለሰው ነጸብራቅ ደግሞ ተቀማጩን ያጨናብሰዋል። አንሺው ይህን ስላወቀ ሰዎቹን ሁሉ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ በገዛ ቤታቸው፣ ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስቀምጦ አንሥቷቸዋል። ብርሃኑ በአንድ ወገን ለስልሶ ይገባል፤ ከኋላ ያለው ጓዳ ይጨልማል። ማብሪያ የለ፣ መጋረጃ የለ፤ በር ብቻ።

ሁለተኛም አንድ የታወቀ ችግር አሸንፏል። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ የሚገምት መሣሪያ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ሲቀመጡ መለኪያው በነጠላው ተታልሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ነጠላው ግራጫ፣ ፊት ደግሞ ከሰል ሆኖ ይወጣል። በየሻንጣችን ይዘናቸው የተሰደድናቸው የሰርግና የጥምቀት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ እንዲህ የጠቆሩት በመልካችን ጥፋት አይደለም። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልክ የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ እንኳ ለብዙ ዓመታት የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ያለበት ነበር፤ ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሰዎች የታዩበት ካርድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። አንሺው ግን መለኪያውን ፊት ላይ ብቻ አሳርፎ ስለ ለካ ጠይሙም ጥቁሩም ቆዳ በየመልኩ ወጥቷል። ጉንጭ ላይ ያረፈችው ብርሃን እንኳ አልጠፋችም። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ቅሬታችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ከአሥራ አንዱ አሥሩ ከአገጭ በታች ተቆርጠዋል። አሥሩም ወደ እኛ አያዩም፤ ዐይናቸው ሩቅ፣ ከግድግዳው ማዶ ነው። የግንባርና የዐይን ጥግ መስመሮች በኮምፒዩተር ጎልተው የደረቀ ወንዝ መስለዋል። ከሥራቸው የተለጠፈው ወረቀትም የሰው ስም አይልም፤ «ስደት»፣ «ዘመን»፣ «ትዝታ» ይላል። የካምፓችን እናት «ሐዘን» ተብለዋል።

እኚህን ሴት የማያውቅ ማን አለ? ውኃ መቅጃው ዘንድ ወረፋው ሲረዝም በቀልድ የሚያሳጥሩት እርሳቸው ናቸው። ቡና ሲያፈሉ በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ እንግዳ ይቀየማሉ። ሐዘን የለባቸውም አንልም፤ አለባቸው፤ ልጃቸውን ካዩ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ነገር ግን ሐዘናቸውን እንደ ነጠላ አጣጥፈው ያስቀምጡታል እንጂ ለብሰውት አይወጡም። እንዴት እንደ ተነሡ ብንጠይቃቸው እንዲህ አሉን፦

«ነጠላዬን ላስተካክል ስለው ‹እንደዚያው ይሁኑ እማማ› አለኝ። ቀጥሎ ‹እስቲ ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ› አለ። እኔም ነገርኩት። ስነግረው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገው።»

ይህን ሲነግሩን ይስቁ ነበር። እኛ አልሳቅንም።

አንሺው ለዚህ መልስ አለው፤ መልሱም የሚናቅ አይደለም። «መምህር፣ ሰው ካሜራ ሲያይ ይደርቃል፤ እውነተኛው ፊት የሚወጣው ሲዘነጋ ነው» አለን። ምስክር አድርጎም ዩሱፍ ካርሽን ጠራብን። ካርሽ እ.ኤ.አ. በ1908 ማርዲን የተወለደ አርመናዊ ሲሆን በልጅነቱ በሶርያ በኩል ተሰድዶ ካናዳ የገባ፣ በኋላም የዘመኑን ታላላቅ አዛውንት ያነሣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1941 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል በኦታዋ ምክር ቤት ንግግር አድርገው ሲወጡ ካርሽ መብራቱን አዘጋጅቶ ቆያቸው። ሲጋራቸውን እንዲያስቀምጡ መተርኮሻ ቢያቀርብላቸው እምቢ አሉ። ካርሽ ይቅርታ ጠይቆ ሲጋራውን ከአፋቸው ነጠቀና ካሜራውን አጮኸ። ዓለም የሚያውቀው ያ የተቆጣ የ67 ዓመት ሰው ፊት በዚያች ቅጽበት የተገኘ ነው። «እኔም የነጠቅሁት ይህንኑ ነው» ይላል አንሺያችን።

ምሳሌው ግን ወደ እኛ ያደላል። አንደኛ፣ ካርሽ የነጠቀው ጦርነት ከሚመራ ሰው ነው፤ ያ ሰው ቢከፋው ካርሽን በአንድ ቃል ማስወጣት ይችል ነበር። እማማን ግን ይሉኝታ ይዟቸዋል። ሁለተኛ፣ ቸርችል በዚያ ፎቶግራፍ ላይ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቀጥታ እኛን ያዩናል። ካርሽ ለእጅ ለብቻው መብራት የሚያዘጋጅ ሰው እንደ ነበረም አንሺው ያውቃል። ሦስተኛ፣ ሥዕሉ «የሚያገሣው አንበሳ» የሚል ቅጽል ቢወጣለትም የተቆጣው ሰው ማን እንደ ሆነ የጠፋው የለም።

ስለ አርመኖች ከተነሣ አይቀር፣ የፎቶ ቤት ልማድ በአዲስ አበባ ሥር እንዲይዝ ካደረጉት መካከል የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው በድሮስ ቦያጃንና ሙያውን የወረሱት ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ይገኛሉ። ሕዝባችን ከቤተ መንግሥቱም ከፎቶ ቤቱም የተማረው አቀማመጥ አለ። ልብስ ይለወጣል፤ ጋቢ ወይም ነጠላ በወጉ ይጣፋል፤ ወገብ ቀጥ ይላል፤ ሁለት እጅ ጉልበት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ኮስተር ተብሎ ቀጥታ ካሜራው ይታያል። ወጣቶች ይህን ድርቅና ይሉታል። እኛ ግን ተነሺው የራሱን ሥዕል ራሱ የሚያዘጋጅበት ጥበብ ነው እንላለን፤ ኮስታራነቱም ስሜት ማጣት አይደለም፣ የተመረጠ ስሜት ነው። ምክንያትም አለው። ያ ፎቶግራፍ ሳሎን ይሰቀላል፤ ባሕር ማዶ ላለ ልጅ ይላካል፤ የለቅሶ ቀን ደረት ላይ ተይዞ ይለቀስበታል። ባለፈው ዓመት በዚህ ካምፕ ያረፉ አንድ አባት ከምዝገባ ወረቀታቸው ላይ ካለችው ጉርድ በቀር ምስል ስላልነበራቸው እርሷን አስፍተን እንዳለቀስን ታስታውሳላችሁ። የሰፋው ፊት ደብዝዞ ሴት ልጃቸው «ይኼ አባቴ አይደለም» ያለችው አሁንም ጆሯችን ላይ አለ።

ደግሞም ሰው ተቆርጦ ፊት ብቻ ሲቀር ምን እንደሚከተል አገራችን ከማንም ይበልጥ ታውቃለች። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢ.ቢ.ሲ. ከታየ በኋላ እህል መጣ፤ በዚያ እህል የተረፉ ወላጆች ያሉን አለን፤ ውለታውን አንክድም። ነገር ግን ፊቶቹ ያለ ስም ዓለምን ዞሩ፤ እስከ ዛሬም በብዙ ሰው አእምሮ የኢትዮጵያ መልክ እነርሱ ናቸው። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ አሜሪካዊው ስቲቭ ማከሪ በፓኪስታን የናሲር ባግ ስደተኞች ካምፕ አንዲት አፍጋናዊት ልጅ አነሣ። ፎቶግራፉ በሰኔ 1985 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥቶ በዓለም ታወቀ። ልጅቱ ሻርባት ጉላ እንደምትባል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ የራሷን ፎቶግራፍ ያየችውም ያን ጊዜ፣ ከ17 ዓመት በላይ ቆይታ ነው። እርሷም እንደ እኛ የካምፕ ልጅ ነበረች።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ «እናንተስ የእማማን ስም መች ጻፋችሁ?» ይለናል። እውነት ነው፤ አልጻፍንም። ጠየቅናቸው፤ አገር ቤት ዘመድ አለኝ፣ ስሜ ወረቀት ላይ አይውጣ አሉ። ባለቤቱ የከለከለው ስምና ማንም ያልጠየቀው ስም ግን አንድ አይደሉም። አንሺው ከአሥሩ የስንቱን ስም እንደሚያውቅ ስንጠይቀው ጥቂት አስቦ «የሦስቱን» አለ። እውነቱን በመናገሩ አከበርነው።

አሁን ወደ አሥራ አንደኛው እንምጣ። ይህ ፎቶግራፍ የተሰቀለው ከጓዳው በር አጠገብ፣ ከፔርሙሶቹ በላይ፣ እንፋሎት በሚመታው ቦታ ነው። አንሺው እንደ ተበላሸ ሥራ ይቆጥረዋል፤ ያወጣውም ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን ነው። የተነሡት አባት በድሮው የጅቡቲና የአዲስ አበባ ምድር ባቡር የሠሩ ሰው ናቸው። «አባባ እሺ አላሉኝም» አለን አንሺው። «ኮት ካልለበስኩ አሉ። ወንበሩን ራሳቸው አስቀመጡ። ‹እግሬም ይግባ፣ ጫማዬን ጠርጌዋለሁ› አሉኝ።»

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ጫማው በእርግጥ ተጠርጓል። ኮቱ በትከሻ በኩል ሰፍቷቸዋል፤ አንድ ጊዜ ይሞሉት እንደ ነበር ይታያል። እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ናቸው፤ የአውራ ጣታቸው ጥፍር ውስጥ የገባው የቅባት ጥቁረት በሳሙና የሚለቅ አይደለም። የግራ እጃቸውን ጥቂት አዙረው ሰዓታቸው እንዲታይ አድርገዋል። ፊታቸው ላይ ያለው ሐዘንም ደስታም አይደለም፤ ባቡር የዘገየበት ሠራተኛ ትዕግሥት ነው፤ እኛን ያያሉ፣ ቶሎ በሉም የሚሉን ይመስላሉ። ከሥሩ ምንም ወረቀት አልተለጠፈም። አንሺው ስም ሊያወጣለት ስላልቻለ ተወው። እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን አንድ መምህራችን «ልጁ እንደ ገባው ፊቱን አይታችሁ አትመኑ፤ እርሳስ የያዘ እጁን እዩ» ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ስለ ማስተማር ብቻ የተነገረ መስሎን ነበር።

ይህን ሁሉ ለአንሺው በቃል ነግረነዋል። በግማሹ ተስማማ፣ በግማሹ ተከራከረ፤ «የተጣፈ ነጠላ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉንም እንዲህ ካነሣሁ ፎቶ ቤት ከፈትሁ እንጂ ምን ሠራሁ?» አለ። ለዚህ ጥያቄው የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም፤ እስካሁንም እናስብበታለን። ሆኖም «ሐዘን»ን በትልቁ አትሞ ለባለቤቷ እንድናደርስ በነፃ ሰጠን።

እማማ ፎቶግራፉን ከደጃፋቸው ወደ ብርሃን አወጡት፤ አራቁት፤ አቀረቡት። «መልኬ ነው፤ እንደ ልብ አውጥቶታል» አሉ። ቀጥለውም «ግን ይኼን ለልጄ ብልክለት ታማለች ብሎ እንቅልፍ ያጣል» ብለው ከሻንጣቸው ሥር ከተቱት። አንሺው የመጪው ወር ሁለተኛ እሑድ በማለዳ ወደ ካምፑ ይመጣል። እማማ ጥለት ያለውን ቀሚሳቸውን ያወጣሉ፤ ሌሎችም አዛውንት ቢፈልጉ ይነሣሉ፤ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ቅጂ ይሰጣል። የጎደለን መደገፊያ ያለው ደኅና ወንበር ነው። ያላችሁ ቅዳሜ ማታ ወደ ትምህርት ቤቱ አምጡልን።