ባላገርና ከተማ በአጭር ልብ ወለድ ታሪክ

የባላገርን ኑሮ ከከተማ ኑሮ ጋራ አነጻጽሮ የሚጽፍ ደራሲ ብዙ ጊዜ ሥራው ቀላል ይመስለዋል። በአንድ ወገን ማሳውን፥ ምንጩን፥ የእናትን ምርቃትና የደብሩን ደወል ያቆማል፤ በሌላው ወገን መጠጥ ቤቱን፥ ገንዘቡንና ስሙን የማያውቀውን ጎረቤት ያቆማል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው አንድ ወጣት ከወዲያ ወደ ወዲህ አምጥቶ ማበላሸት፥ ወይም የተበላሸውን መልሶ ወደ እናቱ ቤት ማድረስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ በየቋንቋው ስፍር ቍጥር የለውም፤ በአማርኛም ብዙ አንብበናል። አንባቢው ያለቅሳል፤ መጽሐፉንም ይዘጋል፤ ነገር ግን ስለ ባላገሩም ሆነ ስለ ከተሜው ከቀድሞው አብልጦ ያወቀው ነገር የለም።

ጉድለቱ የቋንቋ ማነስ አይደለም። በእንዲህ ያለው ታሪክ የምናገኘው ገጠር ሰው የሚኖርበት ገጠር ሳይሆን፥ ሰው በከተማ ተቀምጦ የሚናፍቀው ገጠር ስለ ሆነ ነው። ሁለቱ በስም አንድ ናቸው እንጂ በግብር አንድ አይደሉም። ናፍቆት ጢስ የለውም፤ ናፍቆት ቍንጫ የለውም፤ በናፍቆት አገር ግብር የሚጠይቅ ሹም አይመጣም። ሁለቱን ለይቶ ያላየ ደራሲ አገሩን ያመሰገነ እየመሰለው በዚያው አገር የሚኖረውን ሰው መከራ ይሸፍንበታል። ነገሩ የድርሰት ነገር ብቻ እንዳይመስለን፤ ባላገሩ ደስ ብሎት ይኖራል ብሎ ያመነ ከተሜ ለባላገሩ የሚያስብበት ምክንያት የለውምና።

ይህን ለማስረዳት ሁለት የሩሲያ ደራስያንና አንድ የአገራችንን ጸሐፊ እንመልከት። ሩሲያን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያ አገር ሕዝብ ጾምና በዓል ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ገበሬውም በ1861 ዓ.ም. (የሩሲያውን ዘመን የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ከጌቶች ባርነት ነፃ ቢወጣም፥ የመሬቱን ዕዳና ግብሩን ለመክፈል ሲል ልጁን ወደ ከተማ ይሰድ ነበር። ከገጠር ወደ ሞስኮ የሚወስደው መንገድ እግር የበዛበት መንገድ ነበርና፥ ደራስያኑም ስለ እርሱ የሚጽፉት በወሬ አልነበረም።

ሌዎ ቶልስቶይ በ1886 ዓ.ም. «ለሰው ምን ያህል መሬት ያስፈልገዋል?» የተባለውን ታሪክ የጀመረው በሁለት እኅትማማቾች ክርክር ነው። ታላቂቱ የከተማ ነጋዴ ሚስት ናት፤ ታናሺቱ የገበሬ ሚስት ናት። ታላቂቱ ታናሺቱን ልትጠይቅ መጥታ ሻይ ሲጠጡ በቤቷ፥ በምግቧና በልጆቿ ልብስ ትመካለች። ታናሺቱም የእኛ ኑሮ ሸካራ ቢሆን ሥጋት የለበትም፥ እናንተ ግን በፈተና መካከል ትኖራላችሁ ስትል ትመልስላታለች። ሌላ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ሁሉ በዚህ ክርክር ላይ ሠርቶ ለታናሺቱ ይፈርድላት ነበር። ቶልስቶይ ግን ከተሜይቱን ወዲያው ያሰናብታትና የሚከተለው፥ ከምድጃው መደብ ላይ ተጋድሞ ክርክሩን ይሰማ የነበረውን የታናሺቱን ባል ፓሆምን ነው። ፓሆም መሬት ቢበቃኝስ ሰይጣንንም አልፈራ ነበር ብሎ ሲያስብ ሰይጣኑ ከምድጃው ኋላ ሆኖ ይሰማዋል። ከዚያ ወዲያ መሬት ሲገዛ፥ ከጎረቤት ሲካሰስ፥ ከአገር አገር ሲፈልስ ኖሮ በመጨረሻ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዞሮ የከበበውን ያህል ሊሰጡት በተስማሙት በባሽኪሮች ምድር ሲሮጥ ወድቆ ይሞታል። ልብ እንበል፤ ፈተናው ከከተማ አልመጣበትም። የታናሺቱ ክርክር የፈረሰው በገዛ ምድጃዋ አጠገብ ነው። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። ሆኖም ታሪኩ ምሳሌ ነውና፥ የፓሆም መንደር ሽታና ድምፅ የላትም፤ በየትኛውም አገር ልትሆን ትችላለች።

ሽታና ድምፅ የሚገኘው ከአንቶን ቼኾቭ ዘንድ ነው። የዚህ ደራሲ አያት ባሪያ ገበሬ ሆኖ ኖሮ ራሱንና ቤተ ሰቡን በገንዘብ የዋጀ ሰው ነው፤ የልጅ ልጁም ሐኪም ሆነ። ከ1892 እስከ 1899 ዓ.ም. ከሞስኮ በማይርቀው በሜሊኾቮ ተቀምጦ ገበሬዎችን ያክም፥ ትምህርት ቤትም ያሠራላቸው ነበር። በየጎጆው ገብቶ የበሽተኛ እጅ የያዘ ሰው ስለ ገጠር ሲጽፍ፥ በባቡር መስኮት አይቶ ከሚጽፈው ይለያል።

ቼኾቭ በዚያው በ1886 ዓ.ም. (ይኸውም አዲስ አበባ በተቈረቈረችበት ዓመት መሆኑ ነው) «ቫንካ» የተባለችውን እጅግ አጭር ታሪክ አወጣ። ቫንካ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ጫማ መስፋት ሊማር ወደ ሞስኮ ከተላከ ሦስት ወር ሆኖታል። በልደት ዋዜማ ጌቶቹ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ተደብቆ ለአያቱ ደብዳቤ ይጽፋል። መደብደቡን፥ መራቡን፥ እንቅልፍ ማጣቱን ነግሮት መጥተህ ውሰደኝ ይለዋል። ከአገሩ የወጣ ሰው ቢጭኑት አህያ፥ ቢለጉሙት ፈረስ ነው የሚለው የእኛ ተረት በዚህ ሕፃን ላይ ተፈጽሟል። በልቅሶው መካከል ግን ልጅነቱ ያሸንፈውና የሞስኮን ትልልቅ ቤቶች፥ የፈረሶቹን ብዛት፥ የሚሸጡትን የዓሣ መንጠቆዎች ይቈጥርለታል። በመጨረሻም በፖስታው ላይ «ለአያቴ፥ ወደ ገጠር» ብሎ ይጽፍና የአያቱን ስም ጨምሮ በሣጥኑ ውስጥ ይጥለዋል። የአገሩ ስም የለም፤ ቴምብርም የለም። ደብዳቤው የትም እንደማይደርስ ለአንባቢው የሚነግረው የለም፤ አንባቢው ራሱ ያውቀዋል።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ አንብቦ ከተማን ይረግማል። እኔ ግን ቼኾቭ ያን ብቻ የጻፈ አይመስለኝም። አያትየው የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ቀን በጌቶቹ ወጥ ቤት ከሠራተኞቹ ጋራ ሲቀልድ ይውላል፤ ለሴቶቹና ለውሾቹ ሱረት እያሸተተ ይሥቃል። ልጁን ወደ ሞስኮ የሰደደው ያው ገጠር መሆኑ በታሪኩ ውስጥ አለ፤ እናቱ ከሞተች በኋላ ለሙት ልጅ በዚያ ቦታ አልተገኘለትም። የቫንካ ገጠር እንግዲህ በአንድ ሕፃን አሳብ ውስጥ ብቻ ያለ አገር ነው፤ ፖስታ ቤት የማያገኘውም ስለዚህ ነው።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፥ በ1897 ዓ.ም.፥ ቼኾቭ ነገሩን ገልብጦ ጻፈው። «ሙዢኮች» ይባላል፤ ባላገሮች ማለት ነው። ኒኮላይ በሞስኮ «ስላቭያንስኪ ባዛር» በተባለው ሆቴል አሳላፊ ነበር። እግሩ እየደነዘዘበት አንድ ቀን ምግብ ይዞ ሲሄድ ወደቀ፤ ሥራውንም ተወ። ያለው ገንዘብ በሕክምና ሲያልቅ በአገር ቤት መታመም ይቀላል ብሎ ሚስቱን ኦልጋንና ልጁን ሳሻን ይዞ ወደ ትውልድ መንደሩ ገባ። በልጅነት ትዝታው ቤቱ ብሩህና ሞቃት ነበር። አሁን በሩን ከፍቶ ሲገባ ጨለማውን፥ ጥበቱን፥ ጥቀርሻውንና የዝንቡን ብዛት አይቶ ደነገጠ። ከምድጃው ላይ አንዲት ያልታጠበች የስምንት ዓመት ልጅ ተቀምጣለች፤ ቀና ብላም አላየቻቸውም። ከታች አንዲት ነጭ ድመት አለች። ሳሻ ብትጠራት አልሰማችም፤ ልጅቱም ድመቲቱ ደንቈሮ መሆኗን ትነግራታለች። ምክንያቱ ቢጠየቅ፥ ስለ መቷት ነው።

ስለ ገጠር ኑሮ ጭካኔ ብዙ ገጽ የጻፉ አሉ፤ ይህችን ድመት የሚያህል ግን አላየሁም። ደራሲው ስለ ዱላው አንድ ቃል አልተናገረም፤ ማን እንደ መታት አልነገረንም፤ ልጅቱም እንደ ተራ ነገር አድርጋ ነው የምትመልሰው። ወዲያውም ባልና ሚስቱ ወደ ውጭ ወጥተው ከገደሉ አፋፍ ተቀምጠው ወንዙን፥ ሜዳውን፥ ማዶ ያለውን ባለ አምስት ጕልላት ቤተ ክርስቲያን በምሽት ፀሐይ ያያሉ፤ በውበቱም ይደነቃሉ። ተራው ደራሲ ከሁለቱ አንዱን ይመርጥ ነበር። ቼኾቭ ውበቱን ከጭካኔው ላይ አልቀነሰውም፥ ጭካኔውንም ከውበቱ ላይ አልቀነሰውም።

ለካህናት አንባብያን ይልቁንም ልብ የሚነካው የጾሙ ነገር ነው። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነው። አያትየዋ ዝዮቹን ከጓሮ አልጠበቃችሁም ብላ ሁለቱን ልጆች ትገርፋቸዋለች። እነርሱም በጾም ምግቧ ላይ ወተት ጠብ ያደርጉባታል፤ ሳታውቀው በልታ እንድትገደፍና ወደ ገሃነም እንድትወርድ ነው። ሳሻ ስታንቀላፋ ቀንዳም ሰይጣን አያቷን፥ አያቷ ዝዮቹን እንደ ነዳች፥ በረጅም በትር ወደ እሳት ሲነዳት ታያለች። ይህ የሚያሥቅ ነው፤ ነገር ግን ሣቁ ከጕሮሮ አያልፍም። የጾሙ ሥርዓት በዚያ ቤት ሳይጓደል ይፈጸማል፤ ሕፃናቱ ከእርሱ የተማሩት ግን መበቀያ ማድረግን ነው። ጸሐፊው በእምነት መቀለዱ አይደለም። «ሕይወት ሰጪ» የምትባለው ቅድስት ሥዕል በየመንደሩ ስትዞር ሰካራሙ ኪርያክ ሳይቀር እጁን ዘርግቶ ያለቅሳል፤ ሕዝቡም ጠባቂ እንዳለው ለአንድ አፍታ የተረዳው ይመስላል። ሥዕሏ ካለፈች በኋላ መጠጥ ቤቱ እንደ ቀድሞው ይጮኻል። በአንድ ገጽ ሁለቱንም ማኖር ድፍረት ይጠይቃል።

ከተማስ በዚህ ታሪክ የት አለች? በኒኮላይ ሣጥን ውስጥ ናት። አንድ ጊዜ የአሳላፊነት ልብሱን፥ ያንን ጅራታም ጥቍር ኮት፥ አስወጥቶ ለብሶ ፈገግ ይላል፤ ከዚያም አውልቆ ያስቀምጠዋል። ቫንካ በሞስኮ ገጠርን እንዳለመ፥ ኒኮላይ በገጠር ሞስኮን ያልማል። ሞስኮ ጉልበቱን የበላችው ከተማ መሆኗን እኛ እናውቃለን፤ እርሱ ግን ወደዚያ እንዲመልሱት ይለምናል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ነኝ ብሎ ዐሥራ ሁለት፥ ኋላም ሌላ ዐሥራ ሁለት ዋገምት ያደርግለታል፤ ሲነጋም ኒኮላይ ሞቶ ይገኛል። ኦልጋና ሳሻ ክረምቱን ከርመው በጸደይ ስልቻቸውን ይዘው በእግራቸው ወደ ሞስኮ እየለመኑ ይሄዳሉ። ኦልጋ መንደሩን ወደ ኋላ ስታስብ ከእነዚያ ሰዎች ጋራ መኖር አስፈሪ እንደ ነበረ ታውቃለች፤ እንደ ሰው የሚሠቃዩና የሚያለቅሱ መሆናቸውንም ታውቃለች።

ታሪኩ ሲወጣ የመንግሥቱ መርማሪ ከመጨረሻው ክፍል አስቀንሶበታል። ቶልስቶይም እንዳልወደደውና ሕዝቡን እንደ መበደል እንደ ቈጠረው ይነገራል። ቶልስቶይ መኰንን ሆኖ ተወልዶ ገበሬውን ከልቡ ያከበረ ሰው ነበር፤ ያከበሩትን ሰው ገመና መስማት ይከብዳል። እኔ ግን በዚህ ነገር ፍርዴ ከሐኪሙ ጋራ ነው። በሽታውን የሸሸገ ሐኪም በሽተኛውን አከበረ አይባልም።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። «ሙዢክ» የሚለው የሩሲያ ቃል ሰው ከሚለው ቃል ወጥቶ የሚያሳንስ ነው፤ ትንሽ ሰው እንደ ማለት ይሆናል። የእኛው «ባላገር» ግን ባለ አገር ማለት ነው፤ የአገሩ ባለቤት። በከተማ አፍ ይህ ታላቅ ስም ስድብ ሆኖ መቅረቱ ለደራስያን ብዙ የሚያጽፍ ነበር።

በአገራችን ይህን ንጽጽር አስቀድመው ካነሡት አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» የተባለውን ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። አጭር ልብ ወለድ በአማርኛ ራሱን የቻለ ቦታ ያገኘው ታደሰ ሊበን በ1949 ዓ.ም. «መስከረም» የተባለውን መድበል ባወጡበት ዘመን ነውና፥ «አዲስ ዓለም» በመልኩ ከዚያ በፊት የነበረው ነው፤ ግማሹ ታሪክ፥ ግማሹ ምክር። ወጣቱ አወቀ ከተጉለት ተነሥቶ ፓሪስ ድረስ ሄዶ ተምሮ ይመለሳል፤ ሲመለስም ከዘመዶቹ ጋራ በጋብቻ፥ በልቅሶና በተዝካር ልማድ ይጋጫል። ኅሩይ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፥ አውሮፓንም ያዩ ሰው ነበሩና ሁለቱንም ወገን ያውቃሉ። ተዝካር ጸሎትና ምጽዋት ሆኖ ሳለ ድግሱ ሲበዛ በሬ የሚያሸጥና ለልጅ ዕዳ የሚያወርስ እንደሚሆን በድፍረት መጻፋቸው ሊመሰገኑበት ይገባል። በ1931 ዓ.ም. በስደት እንዳሉ በእንግሊዝ አገር ዐረፉ፤ ያነሡት ክርክር ግን አልሞተም።

የሚጐድለው አንድ ነገር ነው። አወቀ ገና በስሙ ክርክሩን ረትቷል። ዘመዶቹ የሚናገሩት ሊረቱ ነው፤ ጸሐፊው ለተማረው ያደላሉ፤ የዘመዶቹ አሳብ ከውስጥ ሆኖ አይታይም። አንድ የተጉለት አጎት እናስብ። ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት በጎረቤቶቹ ተዝካር በልቷል፤ የበላውንም በልቡ ቈጥሯል። ብድሩን የሚመልስበት ቀን ወንድሙ ሲሞት መጣለት፤ እንጨት ቈርጦ ዳስ ሊጥል ተነሣ። በዚያን ቀን ከፓሪስ የመጣው የወንድሙ ልጅ ድግስ ከንቱ ነው ይለዋል። ልጁ እውነቱን ነው። አጎትየው ግን ከነገ ጀምሮ በዚያው መንደር፥ ባበሉት ሰዎች መካከል ቀና ብሎ መሄድ አለበት፤ ልጁ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ይህን ታሪክ ከአጎትየው ወገን ሆኖ በአማርኛ የጻፈው ደራሲ ካለ እስካሁን አላነበብሁትም።