ዕቃው ወረቀት ላይ ሲደርስ

የመጽሐፍ ሠዓሊ ስቱዲዮ ጎብኝቶ የሚመለስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ መደርደሪያው ነው፤ ስለ ቀንድ አውጣ ቅርፊቱ፣ ስለ አሮጌው አሻንጉሊት፣ ጠርሙስ ውስጥ ስለቆመው ላባ። እኔ መደርደሪያ አይቼ ሥራ አልመዝንም። ዕቃ መሰብሰብ ገንዘብና ቦታ ላለው ሁሉ ይቻላል። ዋናው ጥያቄ ዕቃው ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ምን ሆነ የሚለው ነው። ይህን ለመማር ከእንግሊዛዊቷ የልጆች መጽሐፍ ደራሲና ሠዓሊ ቢያትሪክስ ፖተር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ የሰበሰበቻቸው ዕቃዎችም ሥዕሎቿም ዛሬ ድረስ ተጠብቀው ስላሉ አንዱን ከሌላው ማመሳከር ይቻላል።

ፖተር ሌክ ዲስትሪክት ውስጥ፣ ኒር ሶሪ በምትባል መንደር የሚገኘውን የሂል ቶፕ የእርሻ ቤት የገዛችው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ቤቱን በአሮጌ ዕቃ ሞላችው። ከሦስት ዓመት በኋላ በታተመው የሳሙኤል ዊስከርስ ታሪክ ውስጥ የቤቱ ደረጃም የሳህን ብፌውም ገብተዋል።

እኔን አብዝቶ የሚይዘኝ ግን የጀሶው ምግብ ነው። አሳታሚዋ፣ በኋላም እጮኛዋ የሆነው ኖርማን ዋርን ከጀሶ የተሠራ የአሻንጉሊት ቤት ምግብ ከለንደኑ ሃምሊስ መደብር ገዝቶ ላከላት። በ1904 የወጣው የሁለቱ ባለጌ አይጦች መጽሐፍ የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ አይጦቹ ሊበሉ ይቀርባሉ፣ ሃሙ (የአሳማ ሥጋው) አልቆረጥ ይላቸዋል፣ ተናደው ይሰባብሩታል። እዚህ ላይ የሠዓሊዋ ፈተና ከባድ ነው። ሃሙ ሐሰተኛ፣ አይጧ ሕያው መሆን አለባቸው፤ ሁለቱም ግን የሚሠሩት በአንድ ብሩሽና በአንድ የውሃ ቀለም ነው። ደካማ ሠዓሊ ሁለቱንም እኩል ታሳምራቸዋለች። ፖተር ጀሶውን ልሙጥና ድርቅ ያለ ታደርገውና የአይጧን ፀጉር በቀጫጭን ጭረት ታለሰልሰዋለች። ጥርስ የትኛው ላይ እንደሚገባ ልጅም ያውቀዋል።

ለግሎስተሩ ልብስ ሰፊ መጽሐፍ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ልብሶችን የሣለችው በለንደኑ ሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም ነው፤ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ይባላል። ልብሶቹን የሣለቻቸው በመስታወት ጀርባ እያሉ አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተውላት ነው። ልዩነቱ ሰደርያው ላይ ይታያል። ጥልፉ ጨርቁ ላይ የተረጨ ቀለም አይደለም፤ በክር የተሠራ ነው። ጥልፍ ስትመረምሩ አበባው ማማሩን ተዉትና ክሩ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉ።

ልብሱ ሲወልቅስ? በልጅነቷ ከወንድሟ ጋር የሞቱ እንስሳትን ቀቅለው አጽማቸውን ያወጡ፣ አጥንቱንም ይሥሉ ነበር። ጥንቸሉ ፒተር ራቢት ኮቱን መረብ ውስጥ ጥሎ ሲያመልጥ በአራት እግሩ የሚሮጥ እውነተኛ ጥንቸል ይሆናል። ከኮቱ ሥር አካሉ ከመጀመሪያው ስለነበረ ለውጡ አያስደነግጥም። እንስሳ በልብስ ሲሣል ሁልጊዜ ትከሻውን ፈልጉ፤ ትከሻ ከሌለው ልብሱ የለበሰው ባዶ ነገር ነው።

ሰው ላይ ስትደርስ ትደክማለች፤ ይህን መሸፈን ለእሷም ክብር አይሆንም። በ1905ቱ የወይዘሮ ቲጊ ዊንክል መጽሐፍ ውስጥ ትንሿ ልጅ ሉሲ ከአጣቢዋ ጃርት አጠገብ ስትቆም ድርቅ ትላለች። ጃርቷ ግን ሠዓሊዋ ቤቷ ውስጥ ያሳደገቻት ናት፤ አቋቋሟ ሁሉ ይታመናል።

በእኛ የልጆች መጻሕፍትም ላይ የምሞክረው ይህንኑ ነው። ቂጧ ክብ የሆነች ጀበና ያለ ማቶት ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብላ ከቆመች፣ ሠዓሊዋ ጀበና አስቀምጣ አታውቅም ማለት ነው። መሶብም እንዲሁ። ስፌቱ እየዞረ ስለሚወጣ ሐረጉ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ መጥበብ፣ ከጎኑም ዞሮ መጥፋት አለበት። እንደ ወረቀት የተለጠፈ ሐረግ ካያችሁ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መሶቡ እንጀራ አይዝም።